ሄርማታ ገበያ ጀርባ ያለችው ባለ ጨው ቡና ቤት

ጅማ ውስጥ ቡና በጨው የሚያፈላ ሞልቷል። አመጣጠኑን የሚያውቅበት ግን ጥቂት ነው። ሄርማታ ገበያ ጀርባ ያለችው ቆርቆሮ ቤት ከጥቂቶቹ አንዷ ናት። ስም አልተለጠፈባትም፤ በሩ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዞ ካያችሁ ግቡ።

ባለቤቷ እትዬ ጨውን ሲኒ ውስጥ አይጨምሩም። ጀበናው ሊወርድ ሲል ቁንጥር ጣል ያደርጉበታል። ስለዚህ አቦሉ ጨው ጨው አይልም፤ ምሬቱ ብቻ ይለዝባል። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ምላስ ላይ መራራን ያዳክማላ። ቶናው ላይ ጨው አይደግሙም፤ ይሄንንም ወድጄላቸዋለሁ።

ከቡናው ጋር የሚቀርበው ኦቾሎኒ ግን አይሆንም። ጨው በጨው ነው። ስጠይቃቸው «ከበርጫ የሚመጡት ናቸው ያስለመዱኝ፤ ስቀንስባቸው ያኮርፋሉ» አሉኝ።

የባዮሎጂ መምህር ነኝና፣ ቃሚ ጨው የሚወድበት ነገር አልለቀቀኝም። በ2002 እ.ኤ.አ. ሲያትል ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ያሳተሙት ጥናት አለ። አይጦቹ ሰውነታቸው ውስጥ ያለው ሶዲየም ደጋግሞ እንዲጎድል ተደረገ። የጨው አምሮታቸው በረታ። የሚገርመው ሌላው ነው፤ አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ሲሰጣቸው፣ ሶዲየም ጎድሎባቸው ከማያውቁት ይልቅ አብዝተው ተቅበጠበጡ። ፍላጎትን የሚቀሰቅሰው ዶፓሚን የተባለ የአንጎል ኬሚካል በሚደርሰው፣ ኒውክለስ አኩምበንስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ያሉት ነርቮቻቸውም ቅርንጫፍ አብዝተው ተገኙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የተገላቢጦሹ ታየ፤ አስቀድሞ አምፌታሚን የወሰዱት አይጦች ጨው አብዝተው ፈለጉ። ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። እሱም ዶፓሚን ያስለቅቃል።

ይህን ለእትዬ ሳወራላቸው «ታዲያ አይጦቹ ሂሳብ ይከፍላሉ?» ብለው ሳቁብኝ። ልክ ናቸው። አይጥና ቃሚ አንድ አይደሉም፤ የአይጦቹ ሶዲየም ሆን ተብሎ የጎደለ ነው፣ የኛ ሰው ደግሞ ጨው አጥቶ አያውቅም። ምናልባት ነገሩ ከዶፓሚንም በፊት አፍ ላይ ያልቃል፤ ጫት መራራ ነው፣ ጨው መራራን ይገድላል። አቦሉን ያለዘበው ያው ጨው አይደል?

ከሰዓት በኋላ ቦታ አይገኝም፤ ጭሱም ዓይን ያቃጥላል። ጠዋት ሂዱ። ደም ግፊት ያለበት ሲያዝ ቀድሞ ይናገር፤ ያለ ጨው የሚያፈሉባት ትንሽ ጀበና አለቻቸው። ኦቾሎኒውን እለፉት።