ናይት ዲዩቲ ላይ፦ ሥራ መከፋፈል ወይስ በሽተኛ መከፋፈል?

ባህር ዳር ዋርድ ላይ ለምትሰሩ ነርሶች ነው። አንዱ አሰራር ሥራውን መከፋፈል ነው፣ አንዷ መድሃኒት ትሰጣለች ሌላው ቫይታል ሳይን (ትኩሳት፣ ደም ግፊት፣ ትንፋሽ የመሳሰሉትን) ይለካል፣ ሰው ሲያንስ ይፈጥናል አልክድም፣ ግን በሽተኛውን ሙሉ በሙሉ የሚያውቀው የለም። ከዘጌ አባቷን ይዛ የመጣች አስታማሚ "ሲስተር፣ አባቴን ትንፋሽ እያጠረው ነው" ስትል "ቆይ የሚለካውን ልጥራልሽ" ይባላል፣ እሱ እስኪመጣ ትንፋሹ በደቂቃ 30 አልፏል። ሁለተኛው አሰራር በሽተኛ መከፋፈል ነው፣ እያንዳንዱ ነርስ የራሱን በሽተኞች ይዞ ሁሉንም ሥራቸውን ይሰራል፣ እኔ የምመርጠው ይሄን ነው፣ የራስህን በሽተኛ ስለምታውቀው ለውጡን ቀድመህ ታያለህ፣ ጠዋት ርክክቡም አልጋው ጋ ቆማችሁ በደንብ ይሆናል። ኢንሱሊን ላይ ግን በናታችሁ መጠኑን ሁለት ነርስ ይየው፣ ከባድ በሽተኛ የደረሰውንም ሌላው ያግዘው።