ጎመናችንን ላተረፈችልን የከተማ ግብርና ባለሙያ ምስጋና (ጓሮ ላላችሁም ጥቆማ)

ሰላም ወገኖች። ዛሬ የምጽፈው እዚህ ኮተቤ አካባቢ ስለምትሠራ አንዲት የወረዳ የከተማ ግብርና ባለሙያ ነው። ስሟ እንዲነሳ ስላልፈለገች አልጠቅሰውም።

ዝናቡ ሲጠፋ የእማዬን የጓሮ ጎመን ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ወረረው። ቅጠሉ ተጨማደደ፣ ለጋው ላይ አመድ የተነሰነሰበት መሰለ። ከመድኃኒት መሸጫ ጠንካራ ፀረ ተባይ እንድንረጭ ተመከርን። እማዬ ግን «ልጆቼ ለሚበሉት ቅጠል መርዝ አላስጠጋም» ብላ ወረዳ ሄደች።

ባለሙያዋ እንደመጣች ቅጠሉን ገልብጣ ታይ ጀመር። ከግራጫዎቹ ክሽክሾች መካከል ያበጡ፣ ቡናማ የሆኑና የማይንቀሳቀሱ አገኘች። እነዚህን ከውስጥ የበላቸው የጥቃቅን ተርብ እጭ ነው። ተርቧ አድጋ ቅርፊቱን በስታ ትወጣና በሌሎቹ ክሽክሾች ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች። ያቺ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛም ከነእጯ ክሽክሽ በል ናት። «ጠንካራውን ብትረጩ እነዚህም አብረው ያልቁባችኋል» አለችን። ይህን የነገረን ሰው አልነበረም!

ከዚያ በጣም የተጎዱትን ቅጠሎች አስቆረጠችን። በ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠን፣ ፀሐይ ሳይበረታ በተለይ የቅጠሉን ጀርባ እንድንረጭ አሳየችን። ክሽክሹ ገላው ላይ ሰም መሳይ ዱቄት ስላለው ባዶ ውሃ ይንሸራተትበታል፤ ሳሙናው ግን ያገኘዋል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ስለሚያቃጥል አይሆንም። በየጥቂት ቀኑ ደጋገምነው፤ አሁን ጎመኑ አዲስ ቅጠል አውጥቷል።

የጎረቤታችንን ጥቅል ጎመንም አይታለች። እዚያ ያለው ሌላ ነው፦ ሲነኩት ተወራጭቶ በክር የሚንጠለጠል ትንሽ አረንጓዴ ትል፣ የእሳት እራት ልጅ። ይህ ተባይ መድኃኒት ቶሎ ይለምዳል፤ ገና በ1953 እ.ኤ.አ. በኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴት ዲዲቲ የተባለውን ፀረ ተባይ መቋቋሙ ተመዝግቧል። ስለዚህ አንዱን መድኃኒት መደጋገም ለትሉ ማስለመድ ነው። ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ተርኒፕና ፍጅል አንድ ቤተሰብ ስለሆኑም መደቡን በሚቀጥለው ወቅት ለቀይ ሽንኩርት ወይም ለካሮት እንድትለቅ መከረቻት።

አምስት ሳንቲም አልተጠየቅንም። ጓሮ ያላችሁ፣ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት የተጎዳውን ቅጠል በፌስታል ይዛችሁ የወረዳችሁን የከተማ ግብርና ጽህፈት ቤት ጠይቁ።

እህታችን፣ እግዜር ይስጥልን። እማዬም «ልጆችሽን ያሳድግልሽ» ብላሻለች።