ለዲኤክሴ የገዛሁት ኮምፒውተር

አባቴ አዲስ አበባ እያለን ዲኤክስ፣ ማለትም ቶዮታ ኮሮላ ነበረው። ስለዚህ እዚህ ቨርጂኒያ የ1982 (እ.ኤ.አ.) ኮሮላ ለሽያጭ ቀርባ ሳይ አላስቻለኝም። ሞተሯ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ባለ 1.8 ሊትሩ 3ቲሲ ነው። ካርቡራተሯ በየጠዋቱ ሲያስለቅሰኝ በኮምፒውተር ትእዛዝ ቤንዚን በሚረጭ ኢንጀክሽን ቀየርኩት። መቆጣጠሪያው ኮምፒውተር ሜጋስኩዊርት 2 ይባላል።

ብሩስ ቦውሊንግና አል ግሪፖ የሚባሉ ሰዎች የነደፉት ዕቃ ነው። ቁርጥራጩን ገዝቶ ራሱ በካውያ የሚበይድ አለ። እኔ የተገጣጠመውን ወሰድኩ፤ ዓይኔን አላምነውም።

አራት ወር ያለ ኮሽታ ነዳሁ። ከዚያ አንድ የበጋ ከሰዓት 395 አውራ ጎዳና ላይ ሞተሩ ድንገት ጠፋ። ዳር አውጥቼ ቁልፉን ሳዞር ወዲያው ተነሣ። በሳምንቱ ደገመው። ጋራዥ ስወስዳት ደግሞ ምንም የለባትም። ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሮ ሐኪም ፊት የሚስቅ ሕፃን በሏት። የማውቃቸው አንድ ያገራችን ሰው መካኒክ ኮፈኑን ከፍተው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንተ ልጅ፣ ካርቡራተሯን መልስላት።»

«ጋሼ፣ ጣልኳት እኮ» አልኳቸው። ውሸቴን ነው፤ መደርደሪያዬ ላይ ናት።

በችኮላ ቤንዚን ፓምፑን ቀየርኩ። ሪሌውንም ቀየርኩ። ገንዘቤ ሄደ እንጂ ለውጥ የለም።

ሜጋስኩዊርትን የወደድኩት እዚህ ላይ ነው። ላፕቶፕ ሰክቼ ስነዳ፣ ቱነርስቱዲዮ የሚባለው ሶፍትዌር ሁሉን ይመዘግባል። ከሚመዘግባቸው ውስጥ ሴክ-ኤል የምትባል ቆጣሪ አለች። ኮምፒውተሩ ከበራ ስንት ሰከንድ እንደሆነው ትቆጥራለች። ሞተሩ ሲጠፋ ወደ ዜሮ ከተመለሰች ኮምፒውተሩ ራሱ ጠፍቶ ተነሥቷል ማለት ነው፤ ያኔ መፈተሽ ያለበት የኤሌክትሪክ መስመሩና ማሳው (የኔጌቲቭ መስመሩ) ነው። የእኔዋ ግን መቁጠሯን አላቋረጠችም። ባትሪው 13.9 ቮልት ያሳያል። የሞተሩ ዙር ከ2,600 ወደ ዜሮ ወርዷል፤ ሲንክ የጠፋበትን፣ ማለትም ክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) የት እንደደረሰ ግራ የተጋባበትን የሚቆጥረው ቁጥርም ከ0 ወደ 3 ዘሏል። ማርሽ ገብቶ በ60 ማይል እየሮጡ ክራንክ በቅጽበት ቀጥ ይላል እንዴ? የዋሸው የክራንኩን ዙር የሚያነበው ሴንሰር ወይም ገመዱ ነው።

ክራንኩ ፑሊ ላይ ያሰርኩት ጥርሳም ክብ ብረት አለ። የ36 ጥርስ ቦታ አለው፤ አንዱ ሆን ተብሎ ጎድሏል። ሴንሰሩ ጥርስ ባለፈ ቁጥር ትንሽ ቮልቴጅ ያመነጫል። ኮምፒውተሩ በጎደለችዋ ቦታ ክራንኩ የት እንደደረሰ ያውቃል። ቆጠራው ከተምታታበት ካንዴላውንም ኢንጀክተሩንም ያቆማል።

እኔ ደግሞ ያንን ገመድ ከካንዴላ ገመዶቹ ጋር አብሬ አስሬዋለሁ። በላዩ ያለውን፣ ከእነሱ የኤሌክትሪክ ረብሻ የሚከላከለውን መረብ በሁለቱም ጫፍ ማሳ ሰጥቼዋለሁ፤ መታሰር ያለበት በአንድ በኩል፣ ኮምፒውተሩ ጋ ብቻ ነው። አስተካከልኩት። ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም።

ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳልረግጥ) አሥርቼ ገመዶቹን አንድ በአንድ መነቅነቅ ጀመርኩ። ባለቤቴ የሲንኩን ቆጣሪ ታነባለች። ምንም የለም። ለካ ሞተሩ ገና አልሞቀም! የእሷን ፀጉር ማድረቂያ ሴንሰሩ ሶኬት ላይ ደገንኩት። ትንሽ ቆይቼ በጣቴ ነካ ሳደርገው «ዘለለ!» ብላ ጮኸች። ሶኬቱን ፈታሁት። ፒኑ የነከሰው መዳቡን ሳይሆን የሽቦውን ፕላስቲክ ነው። በፒንሳ የጨመቅኩት ደግሞ እኔው ነኝ። (የፀጉር ማድረቂያው ነገር እስካሁን ይነሣል።)

ልግዛው ወይ ለሚለኝ፦ ትርፍ መኪና ካለህ፣ አዎ። እንጀራህን የምትበላባትን መኪና ግን እንዳትነካ። የኮምፒውተሩ ሳጥን ውኃ አይችልም፤ ኮፈን ሥር አይታሰርም። መመሪያው ረጅም ነው፤ ግማሹን ያነበብኩት ከተበላሸ በኋላ ነው። ላፕቶፕ ካልተሰካም የእኔው አይመዘግብም፤ ስለዚህ ሦስት ሳምንት ላፕቶፑ ጎኔ ቀበቶ ታስሮለት ሄዷል። ሰሜን ቨርጂኒያ ላላችሁ፣ 25 ዓመት የሞላት መኪና የጭስ ምርመራ የለባትም።

ጋሼ ባለፈው እሁድ አገኙኝና «እስካሁን ትሄዳለች?» አሉኝ። ትሄዳለች። ካርቡራተሯን ግን አልሸጥኳትም።