በለገጣፎ መውጫ ያለው ጋራዥ፦ የተደፈነ ካታላይዘርን እንዴት እንደሚያስተካክል

መኪናዬ ሜዳ ላይ ደኅና እየሄደች ዳገት ላይ ጉልበት የምታጣው ካታላይዘሯ (ጭስ ማውጫው ላይ ያለው፣ ጎጂ ጋዞችን ጉዳታቸው ወደቀነሰ ጋዞች የሚለውጠው ክፍል) ስለተደፈነ መሆኑን ለክቶ ያረጋገጠልኝ፣ በለገጣፎ መውጫ የሚገኝ አነስተኛ ጋራዥ ነው። ሌላ ቦታ የቀረበልኝ መፍትሔ ምንም ሳይለኩ ካታላይዘሩን ቀዶ ውስጡን ማውጣት ብቻ ነበር። እዚህ ግን መካኒኩ የፊተኛውን የኦክስጅን ሴንሰር ፈትቶ በቦታው የጭሱን ግፊት መለኪያ ገጠመ፤ ሞተሩን ወደ 2500 ዙር በደቂቃ ሲያደርሰው መርፌው ጤናማ ከሚባለው 3 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) በብዙ አልፎ ቆመ። ካታላይዘሩ ሲወርድም የማር እንጀራ የሚመስለው ሴራሚክ በከፊል ቀልጦ ቀዳዳዎቹን እንደዘጋ በባትሪ አብርቶ አሳየኝ።

ይበልጥ ያከበርኩት ግን አዲሱን ከመግጠሙ በፊት መንስኤውን መፈለጉን ነው። አንደኛው ቦቢና (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው ክፍል) በአግባቡ ስለማይሠራ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው እየገባ እዚያው ይነድ ነበር፤ ይህ ሳይስተካከል የሚገጠም ካታላይዘር፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ዕድሜ አይኖረውም። ውስጡን ማውጣት ርካሽ መሆኑን ሳይሸሽግ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሌሎች ጎጂ ጋዞች ሳይለወጡ እንደሚለቀቁ በግልጽ ነገረኝ፤ ልጆች በእግር ትምህርት ቤት በሚመላለሱበት መንገድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋጋው፣ በተለይ የዕቃው፣ ከባድ ነው፤ ግቢውም ሲዘንብ ይጨቀያል። የሥራው ዝርዝር ግን በጽሑፍ ይሰጣል፤ ፕላቲኒየምና ፓላዲየም ስላለበት ተፈላጊ የሆነው አሮጌው ካታላይዘርም ሳይጠየቅ ለባለቤቱ ይመለሳል።