የተማሪን ድርሰት ከማሽን እለያለሁ የሚለው ሶፍትዌር፦ ገንዘባችሁን አታውጡበት

የማስተምርበት የግል ትምህርት ቤት፣ ድርሰቱን ተማሪው ይጻፈው ወይስ ቻትቦት (እንደ ቻት ጂፒቲ ያለ፣ ሲጠይቁት ጽሑፍ የሚጽፍ ፕሮግራም) እለያለሁ የሚል ሶፍትዌር በዓመታዊ ክፍያ ገዝቷል። የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህርት ስለሆንኩ መጀመሪያ እንድሞክረው የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ስሙን አልጠራም። ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት መለያዎች በአሠራር ስለሚቀራረቡ፣ ለመግዛት የምታስቡ ትምህርት ቤቶች ከስሙ ይልቅ የሚያደርገውን ብታውቁ ይጠቅማችኋል።

ለአጠቃቀም ቀላል መሆኑን አልክድም። ጽሑፉን መለጠፍ፣ ጥቂት ሰከንዶች መጠበቅ፣ ከዚያ ውጤቱን በመቶኛ ማየት ነው። ማሽን ጻፋቸው የሚላቸውን ዓረፍተ ነገሮች በቀይ ያቀልማቸዋል። ኢንተርኔት ሲዳከምም ብዙ አያስቸግርም። ቁጥሩ እንዲያ ደምቆ ሲወጣ ደግሞ መምህሩን ሁሉ ዳኛ ያደርገዋል፤ የሥራ ባልደረቦቼ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ይህ ልጅ ሰማንያ በመቶ ነው» ማለት ጀምረው ነበር።

ተማሪዎቼ ዓይኔ እያየ፣ ስልክ ሳይዙ፣ በእስክሪብቶ የጻፉትን ድርሰት ወስጄ ቃል በቃል በኮምፒውተር ተየብኩና አስገባሁ። አንዷ ከአያቷ ጋር ቅቤ ለመግዛት ሸኖ የሄደችበትን ቀን ነው የጻፈችው። አያትየዋ ቅቤውን በጣታቸው ቆንጥረው ያሸታሉ፣ ሻጯ ቅር ብሏት ፊቷን ታዞራለች። ታሪኩ ሕያው ነው፤ እንግሊዝኛው ግን የመማሪያ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። አንቀጾቹ «በመጀመሪያ» ብለው ይነሳሉ፣ «ከዚህም በተጨማሪ» ይላሉ፣ «በመጨረሻም» ብለው ይዘጋሉ። እንዲያ ጻፉ ያልኳቸው እኔው ነኝ፤ ፈተናውም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ሶፍትዌሩ ገጹን ከሞላ ጎደል በቀይ ሞላው። የተረፈው ቅቤው የሚሸተትበት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር።

ቀጥዬ አንዱን ቻትቦት ስለ ገበያ እንዲጽፍልኝ፣ እንደ አሥረኛ ክፍል ተማሪም እዚህም እዚያም የሰዋስው ስህተት እንዲጨምርበት አዘዝኩት። ያንን «የሰው ጽሑፍ ነው» ብሎ አሳለፈው። የደከመችው ተከሰሰች፣ የቀጠፈው ነጻ ወጣ ማለት ነው።

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። እነዚህ መለያዎች በአብዛኛው የሚመዝኑት ቀጣዩ ቃል ምን ያህል አስቀድሞ ሊገመት እንደሚችል ነው፤ ቻትቦት የሚመርጠው ሊመጣ የሚችለውን ቃል ነውና። ነገር ግን ቋንቋውን ከቤቱ ሳይሆን ከትምህርት ቤት ያገኘ ልጅም የሚጽፈው የሚታወቀውን፣ የተለመደውን ቃል ነው። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ሰባት መለያዎችን ፈትነው ነበር። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ተፈታኞች ቶፍል ለተባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ከጻፏቸው 91 ድርሰቶች ውስጥ መለያዎቹ በአማካይ 61 በመቶውን ማሽን ጻፈው ብለዋል። የአሜሪካ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ድርሰት ግን ከሞላ ጎደል በትክክል ለይተዋል። እኛ ዘንድ ልጁ ቤቱ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ እየተናገረ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ጽፎ ያስረክባል። እንግዲህ ቀዩ ቀለም በማን ላይ እንደሚያርፍ አስቡት።

የቻት ጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ ራሱ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 መለያ አውጥቶ ነበር። በራሱ ፈተና ማሽን ከጻፈው ውስጥ ለይቶ የያዘው 26 በመቶውን ብቻ ሲሆን፣ ሰው ከጻፈው ደግሞ 9 በመቶውን በስህተት ወንጅሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ ዘጋው። የአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲም ተርኒቲን የተባለውን ኩባንያ መለያ በነሐሴ 2023 አጥፍቶታል። ስሌታቸው ቀላል ነበር፦ ኩባንያው የሚስተው አንድ በመቶ ብቻ ነው ቢባል እንኳ፣ በ2022 ካስገቧቸው 75,000 ጽሑፎች ወደ 750 የሚሆኑት ያለ ጥፋት ይወነጀሉ ነበር።

እኛ ለገዛነው ድርጅት የሸኖውን ድርሰት አያይዤ ጻፍኩ። መልሱ ፈጥኖ መጣ፣ ትሕትናም አልጎደለውም፤ ውጤቱ አመላካች እንጂ ማስረጃ እንዳልሆነ፣ ለብቻው ለቅጣት መዋል እንደሌለበት የሚገልጽ ነበር። ይህ ማሳሰቢያ በማስታወቂያው ላይ በትልቁ ቢጻፍ ስንት ትምህርት ቤት ይገዛው ነበር? ሌላም አለ። የልጆቹ ጽሑፍ ከነስማቸው ወደ ድርጅቱ ሰርቨር ይሄዳል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በወጣበት አገር ወላጆችን ያነጋገረ ሰው አልነበረም።

ተማሪዎች ቻትቦት አይጠቀሙም እያልኩ አይደለም። ይጠቀማሉ፤ አንዳንዱም ሳያነበው ገልብጦ ያመጣል። እኔ አሁን የመጀመሪያውን ረቂቅ ክፍል ውስጥ በእጃቸው አስጽፋለሁ። ቤት ሄደው ረቂቁን ለቻትቦት ማሳየት ይችላሉ፤ ግን የሰጣቸውን እርማት አትመው፣ የተቀበሉትን አስምረውበት፣ ያልተቀበሉትን ሰርዘው ያመጣሉ። ከዚያ በዕጣ የወጣላቸው ጥቂቶች ጠረጴዛዬ ዘንድ ቆመው ለምን እንደተቀበሉ ያስረዳሉ። ሁሉንም ልጠይቅ ብል ክፍለ ጊዜው አይበቃም፤ ዕጣው ግን ሁሉንም ያዘጋጃል። የሸኖዋ ልጅ ቻትቦቱ «አያቴ የቅቤውን ጥራት በጥንቃቄ ገመገሙ» ብሎ ሲያርምላት ሰርዛ ከጎኑ «አያቴ አይገመግሙም፣ ያሸታሉ» ብላ ጽፋ አመጣች። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት።

ከአምስት ኮከብ አንድ እሰጠዋለሁ፤ እሱም ለአጠቃቀሙ ቀላልነት ነው። ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ መቶኛውን ከውጤት መዝገብ አውጡት፣ የተማሪ ስም ሳትሰርዙም አታስገቡ። ርእሰ መምህራችን ደንበኝነቱን እናድሰው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ በዚያው ገንዘብ የፎቶ ኮፒ ወረቀትና የማተሚያ ቀለም እንዲገዛልን በጽሑፍ አመልክቻለሁ።