ተነስቶ ተመልሶ የበቀለ ጥቁር ነጥብ፦ ስለ ቆዳ ክሊኒካችን

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ላለው የቆዳ ክሊኒካችን አምስት ኮከብ ሰጥቻለሁ። ምክንያቴ አንድ ጥያቄ ነው። ሐኪሟ የእህቴን ጀርባ እንዳዩ «የመጀመሪያው ስላይድ የት ነው ያለው?» አሉ። ስላይድ ማለት ከተነሳው ነጥብ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ናሙና ያለበት መስታወት ነው።

እህቴ፣ ቤተሰቡ ማርያም የሳመቻት የሚለውን ጥቁር ነጥብ ሌላ ክሊኒክ አስነስታው ነበር። ከላይ ከላይ ላጩት፣ ችግር የለውም አሏት፣ ወረቀት እንኳን ሳይሰጧት ሸኟት። ከወራት በኋላ ጠባሳው ላይ ጠቆረ፤ ዳሩ የተቆራረጠ፣ ቀለሙ ዥጉርጉር። ይሄን ያየ ሰው ሜላኖማ (አደገኛው የቆዳ ካንሰር) ነው ቢል አይፈረድበትም።

ነገሩ ባለሙያንም ያሳስታል። ሥሩ ሳይወጣ የቀረ ነጥብ ጠባሳው ላይ እንደገና ሲያድግ የሴሎቹ ቅርጽ ይዛባል፣ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሜላኖማ መስለው ቁጭ ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 ኮርንበርግና አከርማን የተባሉ ሐኪሞች «ሱዶሜላኖማ» (ሐሰተኛ ሜላኖማ) ያሉት ለዚህ ነው።

ሐኪሟ ከጠቆረው ቦታ ናሙና ወስደው አስመረመሩ። ውጤቱን በስልክ ነግረው ብቻ አልዘጉትም፣ ጠርተው ወረቀት ላይ ሳሉልን። ከላይ የተዛቡት ሴሎች፣ መሀል ላይ ጠባሳው፣ ከጠባሳው ሥር ደግሞ የድሮው ነጥብ ቅሪት በሰላም ተኝቶ። ቀለሙም ከጠባሳው አልፎ አልወጣም። ሜላኖማ ግን ብዙ ጊዜ ጠባሳውን ተሻግሮ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ከሥር ያሉት ሴሎችም ሲከፋፈሉ ሊገኙ ይችላሉ፤ ይህን ለማየት ኬአይ 67 የሚባል ማቅለሚያ ተጠቅመዋል። ጊዜውም ፍንጭ ነው፣ ደህናው አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ውስጥ ነው የሚመለሰው። ያም ሆኖ ፓቶሎጂስቱ (ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያዩት ሐኪም) የድሮውን ስላይድ ከአዲሱ ጎን አድርገው ሳያዩ አልፈረሙም። መጀመሪያ የወጣው ራሱ ሜላኖማ ሆኖ አምልጦ ቢሆንስ? ልክ ናቸው። አልነበረም፣ ተመስገን።

ቅሬታም አለኝ። ስልክ ቶሎ አያነሱም፣ ስላይዱ ከድሮው ላብራቶሪ እስኪመጣ መጠበቁ ያስጨንቃል፣ የድጋሚ ንባቡ ክፍያ ለብቻው ይመጣል። ኢንሹራንሳችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ።

አዲስ አበባም ሆነ እዚህ፣ ውበት ሳሎን ገብታችሁ ነጥብ በሌዘር የምታስተኩሱ እባካችሁ ተዉት። የተቃጠለ ነገር ስላይድ የለውም፣ ተመልሶ ቢበቅል ሐኪሙ የሚያወዳድርበት አያገኝም። የእግር መርገጫና ጥፍር ሥር ያለውንማ በፍጹም! ጥቁር ቆዳ ላይ ሜላኖማ በብዛት የሚወጣው እዚያ ነው።

ለቀጠሮ ስትሄዱ የድሮውን ሪፖርት ከነናሙና ቁጥሩ ያዙ፣ ብዙ ጊዜ ያተርፍላችኋል።