ሎይሽቱርም 1917፦ ራሱን ለመመርመር ለሚጽፍ ሰው የሚሆን ደብተር

የግል ማስታወሻ ጀምሮ መተው የተለመደ ነው። አንዱ ምክንያት የተጻፈውን መልሶ ማግኘት አለመቻል ነው። ከሦስት ወር በፊት ስለነበረ ጠብ የተጻፈውን ለማየት ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ማገላበጥ ካስፈለገ ማንም ሰው አይሞክረውም። ራስን የመመርመር ትልቁ ሥራ ደግሞ መልሶ ማንበቡ ላይ ነው። ኤ5 መጠን ያለው የጀርመኑ ሎይሽቱርም 1917 የተሻለ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ 251 ገጾቹ ቁጥር ታትሞባቸዋል፣ መጀመሪያው ላይም ባዶ የማውጫ ገጾች አሉት።

ማውጫውን በየቀኑ ተራ አትሙሉት። ጉዳዩን ጻፉ፦ «ሥራ»፣ «ከእናቴ ጋር»፣ «ገንዘብ»፣ «እንቅልፍ»። ከዚያ ከአጠገቡ የገጽ ቁጥር ብቻ እየጨመራችሁ ሂዱ። «ገንዘብ» ከሚለው አጠገብ 12፣ 19፣ 23፣ 31 ተደርድሮ ስታዩ፣ አእምሯችሁ የት የት እንደሚመላለስ ትደርሱበታላችሁ።

ቀን ያልታተመበት መሆኑም ጥሩ ነው። አጀንዳ ለእያንዳንዱ ቀን የተወሰነ ቦታ ስለሚመድብ ሳምንት ከተዘለለ ባዶው ገጽ ተስፋ ያስቆርጣል፤ ብዙ የሚያጽፍ ቀን ሲመጣ ደግሞ አይበቃም። እዚህ ግን ጳጉሜንም ሳይቀር በራሳችን አቆጣጠር ጽፎ መቀጠል ነው። በቀን አንድ ገጽ ተኩል ለሚጽፍ ሰው አምስት ወር ተኩል ያህል ያገለግላል።

የባለመስመሩ የመስመር ርቀት 6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አማርኛን ጎላ አድርጎ ለሚጽፍ ይጠብበዋል፤ ቋ እና ጧ ከታችኛው መስመር ጋር ይጋጫሉ። ባለነጥቡን፣ 5 ሚሊ ሜትሩን፣ ገዝቶ ሁለት ረድፍ እንደ አንድ መጠቀም ይሻላል። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው። ለቢክና ለጄል እስክሪብቶ ይስማማል፤ ቀለም በሚሞላ ብዕር ከተጻፈበት ግን ጥላው በጀርባው ይታያል። ባለ 120 ግራሙ ይህን ይቀንሳል፣ ገጾቹ ግን 203 ናቸው። በክር የተሰፋ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይቀመጣል፤ አዲስ ሲሆን ከፊትና ከኋላ ጥቂት ጥቂት ቅጠል እየገለጣችሁ በቀስታ ተጫኑት።

ደብተሩ ብቻውን ግን ምንም አይሠራም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔኔቤከር እ.ኤ.አ. በ1986 ከሥራ ባልደረባው ጋር ባሳተመው ጥናት ተሳታፊዎቹ የጻፉት ለ15 ደቂቃ፣ ለአራት ተከታታይ ቀናት ነበር። ለጀማሪ ይህ ልክ በቂ ነው። ሰዓታችሁ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንዲጮህ ሙሉት፤ ለፊደል ግድፈት ሳትጨነቁ እጃችሁን ሳታቆሙ ጻፉ። በመጀመሪያው ቀን የሆነውንና የተሰማችሁን አስፍሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሦስተኛውም በአራተኛውም ቀን ያንኑ ምሬት ሲደግመው ነው፤ ይህ ማብሰልሰል ይሆንና ያደክማል። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ «ምክንያቱም…» እና «አሁን የገባኝ…» ብላችሁ የምትጀምሯቸው ዓረፍተ ነገሮች ይኑሩ። ጽፎ እንደጨረሱ ለጥቂት ጊዜ መከፋት ያጋጥማል፤ ስለዚህ ልክ ከመኝታ በፊት አይመከርም። የተጻፈው ጉዳይ ከአቅም በላይ ከሆነ ግን ወዲያው አቁሙና ሌላ ጉዳይ ያዙ።

ዋጋው ከተራ ደብተር በብዙ ይበልጣል፤ የሚዘጋውም በላስቲክ ብቻ ስለሆነ ምስጢር አይጠብቅም። ስም መጥቀስ የሚያሰጋችሁ ከሆነ በመጀመሪያው ፊደል ብቻ ጻፉ። ገንዘቡ ከከበዳችሁ ጠንካራ ሽፋን ያለው ማንኛውንም ደብተር ግዙ፤ የመጀመሪያዎቹን አራት ገጾች ለማውጫ ተዉ፣ ከዚያ በቀኝ በኩል ያሉትን ገጾች ብቻ በእጅ ቁጥር ስጡ፤ የሃያ ደቂቃ ሥራ ነው።